ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣችው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ።

እማ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቤቷ ትሁን" ብሎ ሸኝቶናል። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታላቋን ልጄን ሳላያት እንዳልሄድ።"

ታላቅ እህቴ ባሕር ማዶ ናት። ደወልንላት። ትኬቷን ቆረጠች።

"ስንት ሰዓት ትደርሳለች?" አለች እማ።

ይሄ የኔ ሙያ ነው። ማንም ሳያስተምረኝ ኮምፒውተሩን እንደ ልቤ የማገላብጠው እኔ ነኝ። የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ስም ጻፍኩ። ርቀቱን በረራው ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ቁጭ አደረገልኝ... የአሥር ሰዓት መንገድ። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት አሥር ላይ ትነሣለች። ለታክሲ አንድ ሰዓት ጨመርኩና፣

"ነገ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ናት!" አልኩ።

ታክሲ ነጂው ታላቅ ወንድሜ ሳቀ። "አንቺ ሊቅ፣ እሱ እኮ የትም ሳታርፍ ከበረረች ነው። መንገድ ላይ አውሮፕላን አትቀይርም?"

"አንተ መሪህን ጨብጥ፣ ጋሼ!" ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ጠዋት የእህቴ መልእክት ገባ። "መሸጋገሪያው ላይ ነኝ። ቀጣዩ አውሮፕላን የሚነሣው ማታ ነው። ለእማ ንገሪያት።"

አልነገርኳትም።

ተሳስቻለሁ ከማለት ሞት ይቀለኝ ነበር... የማን ሞት እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

እማ "ፀጉሬን አበጥሪልኝ" አለች። ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ደረጃው ላይ የሻንጣ ጎማ ድምፅ... ኳ... ኳ... ኳ...

በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከፈትኩ። ማንም የለም።

ወለሉ ላይ ግን ሁለት የጎማ መስመሮች... እርጥብ። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል። መስመሮቹ ደፉን ተሻግረው፣ በእግሮቼ መካከል አልፈው፣ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

"ኮትሽን አውልቂ እንጂ ልጄ" አለች እማ ከመኝታ ቤት። "ምነው እጅሽ እንዲህ በረደ?"

ሮጬ ገባሁ። ከእሷ በቀር ሰው የለም።

"እማ... ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ቀስ በይ" አለች በሹክሹክታ። "መንገዱ አድክሟታል። ትተኛበት።"

ፈቀቅ ብላ የአልጋውን ግማሽ ለቀቀች።

ያኔም ቢሆን እውነቱን መናገር እችል ነበር። "እማ፣ እሷ አይደለችም" ማለት ብቻ። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ አየሁና... ያ ማንንም የማይምር ምላሴ ታሰረ።

በማግስቱ ወንድሜ እህቴን ይዟት መጣ። ሻንጣዋን ጥላ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

"እማዬ... መጣሁልሽ!"

እማ አየቻት። እንደ ባዕድ።

"የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?"

"እኔ ነኝ እኮ! ልጅሽ!"

"ልጄማ ትናንት መጥታለች።"

እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ... መቼ ትደርሳለች ነው ያልሻት?"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

"እጅሽን ስጪኝ፣ እማዬ" ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

"ተይዟል" አለች እማ።

መዳፏ ባዶ አየር ጨብጧል። የእጇ ጀርባ ግን በአራት ቦታ፣ ጣት እንደተጫነው፣ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል...

እያየነው፣ አያያዙ ጠበቅ አለ።