ጣት የሚለካው ግድግዳ

ስማኝማ ወዳጄ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ስንት የፈረሰ ቤት ውስጥ ብቻዬን ምሳዬን በልቼ፣ መቃብር አጠገብ ስንት አጥር ገንብቼ አንድም ቀን የደረሰብኝ ነገር የለም፤ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ «ራትህን ሳትበላ ተኝተህ ነው» እያልኩ ስስቅ የኖርኩ፣ እሑድ እሑድ ኳየር ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ፣ ባስ፣ የምዘምር ጤነኛ ሰው ነኝ። የምነግርህን እንደፈለግክ ሳቅበት፣ ውሸት ነው ካልከኝ ግን እንጣላለን።

ያኔ ከማርታ ጋር ልንጋባ ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር። ማርታ ገዘር ከተማ የምታስተምር፣ እሺ ለማሰኘት ከጂንካ አራት ዓመት በሚኒባስ የተመላለስኩባት፣ ሾፌሮቹ ሁሉ «ዛሬስ ምን አለች?» እያሉ የሚጠይቁኝ ልጅ ናት። እሺ ያለችኝ ቀን ከደስታ ብዛት የሌላ ሰው ጫማ አድርጌ ጂንካ ገባሁ።

በዚያ ሰሞን እማማ አስቴር አስጠሩኝ። ሟች ባለቤታቸው ጋሽ ብርሃኑ የታወቁ ወርቅ ሠሪ ነበሩ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት ጂንካ መጥተው ያን ቤት ራሳቸው ነድፈው ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እመነኝ፣ በሙያዬ ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን የለም፤ ከፊት ባለ ሁለት ተካፋች የዋንዛ በር ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ሱቅ፣ ከኋላ መሥሪያው ክፍል፣ የጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብሎ የሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ ሰፊ መስኮት የተተወለት፣ የወርቅ ብናኝ እንዳይጠፋ ወለሉ የእንጨት ርብራብ የለበሰ፣ መሀላቸው ደግሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ። ግድግዳው ላይ፣ ደረት ትክክል፣ እጅ ብቻ የምታስገባ፣ ዙሪያዋ በለሰለሰ እንጨት የተለበጠች ቀዳዳ አለች። ጋሽ ብርሃኑ የደንበኛ ፊት አያዩም፤ ሙሽራው ከካኮ ይምጣ ከወይጦ፣ እጁን በቀዳዳዋ ይሰዳል፣ እሳቸው ከወዲያ ሆነው ጣቱን በክር ይለካሉ። «ፊት ካየሁ አዳላለሁ፣ ጣት ግን ጣት ነው» ይሉ ነበር አሉ።

«ይህን ግድግዳ አፍርስና ሁለቱን ክፍል አንድ አድርግልኝ፣ ልጄ የልብስ ሱቅ ልትከፍት ነው» አሉኝ እማማ አስቴር። እጄ አልታዘዝ ቢለኝም፣ ሠርግ አለብኝና እሺ አልኩ።

ከሰዓት ነው፣ ውጪ ዝናብ ይወርዳል፣ የሥራ ባልደረባዬ ቶማስ መዶሻ ሊያመጣ ሄዶ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ «ጧ… ጧ… ጧ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብዬ ቀና ስል ኮርኒሱ ደረቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ኡፍ» አለ፣ ሰው አቧራ በትንፋሹ ሲያነሳ እንደሚለው። ድመት ናት አልኩ። ድመት ኡፍ ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም፣ ግን አልኩ።

ከዚያ የግድግዳውን ውፍረት ልለካ ግራ እጄን በቀዳዳዋ ሰደድኩ፣ እስከ ክርኔ ገባ። ወዲያው አንድ ቀጭን ነገር የቀለበት ጣቴ ላይ ቀስ ብሎ ተጠመጠመ፣ ጠበቅ አለ፣ ላላ አለ፣ ደግሞ ጠበቅ አለ። ወዳጄ፣ ባስ የሚዘምረው ሰውዬ ያን ቀን የሴት ቀጭን ድምፅ፣ ሶፕራኖ ወጣኝ!

እማማ አስቴር እየሮጡ መጡ።

«እማማ፣ ወዲያ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ!»

ከፍተን ገባን። አቧራው የአንድ ሰው እግር አልረገጠውም። ጣቴ ላይ ግን ነጭ ክር አለ፣ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል። እማማ እጄን ይዘው ቋጠሮዎቹን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ባለቤቴ ለአንድ ቀለበት አንዴ ነበር የሚቋጥረው» አሉ።

«ታዲያ አንዱ የማርታ ይሆናላ!»

«የማርታ በማርታ ጣት ነዋ የሚለካው። ይሄ ያንተ ጣት ነው። ክሩን ምስማር ላይ ሰቅሎ ያኖረዋል፣ ያው ሰው ሚስት ሞታበት ዳግመኛ ሊያገባ ሲመጣ በዚያው ክር ላይ…» ብለው አፋቸውን ያዙ። «ተወው ልጄ፣ አርጅቻለሁ፣ ምኑን አውቄው!»

ግድግዳውን አላፈረስኩም፣ እሳቸውም ሌላ ግንበኛ አልጠሩም፣ ልጅቱ ልብሷን በፊተኛው ክፍል ትሸጣለች። እኔና ማርታም ተጋባን፣ ቶማስ ሚዜ ሆኖ ከሙሽራው በላይ ጨፈረ፣ ይኸው አምስት ዓመታችን። ማርታ ጤነኛ ናት፣ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ እንዴት ብዬ?

ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ ስፈራ ደግሞ መላ አላጣም። ሁለት ቋጠሮ ሁለት ቀለበት ነው፣ ሁለት ሚስት አይደለም አልኩ፤ ቀለበቴ ቢጠፋ ሌላ አሠርቼ አደርጋለሁ፣ ጣቴም ሁለተኛውን አደረገ ማለት ነው፣ ማርታዬም ትተርፍልኛለች። ደርቤ ላድርግ ብዬም ሞክሬ ነበር፣ «ሌላ ሚስት አለችህ እንዴ?» ብላ አስወለቀችኝ። ታዲያ ቀለበት አልጠፋም ሲል አይተህ ታውቃለህ? ምግብ ቤት መታጠቢያው ላይ ሆን ብዬ ትቼው ስወጣ አስተናጋጇ ሚኒባስ አስቁማ ሰጠችኝ። መርቄያት ውስጤ ተቃጠለ።

በቀደም ቆርጬ ነሪ ወንዝ ወረወርኩት፣ ለማርታ ጠፋብኝ አልኳት፣ አዲስ አዘዝኩ፣ ለቅዳሜ ቀጠሩኝ። ሐሙስ ዕለት የምንሠራበት ቦታ አንድ መኪና የነሪ አሸዋ ተራገፈ። ቶማስ ሲነፋ ሲነፋ ቆይቶ ጮኸ፣ ቀለበቴ ወንፊቱ ላይ ቁጭ ብሏል። «ጌታ እንዴት ቢወድህ ነው!» እያለ እቤቴ ድረስ ይዞኝ ሄደ፣ ለማርታ በእጇ ሰጣት።

ማርታ በሳሙና አጥባ ራሷ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝና፣ «እንግዲህ እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ጣት አይወልቅም» አለችኝ እየሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።