አሥራ አምስተኛው ዱላ

የስምንተኛ ክፍሏ ሚጢ ፎጣ ፍለጋ ውድድሩ መሃል እጇን ወደ ዱላ ቦርሳው ስትሰድ ክው ብላ ቀረች። ከእናቷ አሥራ አራት የጎልፍ ዱላዎች መሃል የራሷ አጭር ዱላ ተሰክቷል። ትናንት በእንግዳ ማረፊያው ኮሪደር ላይ ኳስ ስታንከባልል አምሽታ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋት እዚያው ሰክታው ተኝታለች። ጠዋት ዱላዎቹን ቆጥሮ ማረጋገጥ የቦርሳ ተሸካሚው ሥራ ነው፤ ተሸካሚዋ ደግሞ ራሷ ናት። «ጉዴ ፈላ!» አለች በሆዷ።

አንድ ተጫዋች ከአሥራ አራት ዱላ በላይ ይዞ ሜዳ አይገባም። ትርፉን ባይነካውም ያው ነው፤ ቅጣቱ አራት ምት መጨመር ነው፤ በጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። እናቷ ደግሞ ወደ ነገው ጨዋታ ለማለፍ ያላት ብልጫ አንዲት ምት ብቻ ናት። ዛሬ ከወደቀች፣ በሚቀጥለው ዓመት ከባለሙያዎቹ ጋር የመጫወት ፈቃዷ አበቃለት ማለት ነው።

እናትየዋ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሻለች። ሚጢ ሳትወለድ ጀምሮ ስትጫወት የኖረች ሴት ናት። አንዴ ዋንጫ አንስታለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አውቶቡስ፣ የሚጮህ አልጋና የወገብ ፕላስተር ነው። ሚጢም ታክቷታል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ቦርሳ መሸከም! እናቷ እንደ ሰው እናት ቤት ብትውል ብላ ስንቴ ተመኝታለች።

ጭንቁም ይኸው ነበር። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ብትናገር ደግሞ እናቷ ቤት ትቀራለች። ታዲያ የምትናገረው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ምኞቷ እንዲሞላላት? ለይታ አላወቀችውም፤ አለማወቋ ደግሞ በራሷ አናደዳት።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች እናቷ።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ኧረ ተይ! የወለድኩሽ እኮ እኔ ነኝ። ደክሞሽ ነው፤ እኔም ዝዬአለሁ። ሁለት ጉድጓድ ነው የቀረን፤ እሱን እንገላገልና ዘጭ ብለን እንተኛለን። በይ ረጅሙን አቀብዪኝ።»

ሚጢ ረጅሙን አላቀበለችም። አጭሩን መዘዘችና «እማዬ፣ ይሄ የኔ ነው» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ አብሮን ነው ያለው። ሳልቆጥር ወጣሁ።»

እናቷ ዱላውን አየችው። ብትጮህባት ይሻላት ነበር፤ ግን አልጮኸችም።

«ሰው አይቷል?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማንም አላየም።»

ዳኛው ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። አብራቸው የምትጫወተው ወጣት ጀርባዋን ሰጥታ ማስቲካዋን ታኝካለች። እናቷ ዳኛውን አየች፣ መልሳ ዱላውን አየች፤ ሚጢን ሆድ ባሳት።

«ቤት እንድትቀሪ ፈልጌ የተናገርኩ ቢሆንስ?» አለች እንባዋ እየመጣ።

«ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ። ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም።»

እናቷ እንደ መሳቅ ቃጣትና ተወችው። «እኔም አንዳንዴ እፈልጋለሁ» አለች። «እውነቱን ልንገርሽ? ዳኛውን መጥራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። አፌ ግን እምቢ አለኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሚጢ ቦርሳውን ከትከሻዋ አወረደች። አጭሩን ዱላ ከሁለቱም ፊት ሣሩ ላይ አጋደመችውና እጇን ከፍ አደረገች።

«ዳኛ!» ብላ ተጣራች።

እናቷ አላስቆመቻትም።