ጣሪያ የበላችው ጥጃ

ዝናብ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ በቦረና ሜዳ ላይ ሎኮ የምትባል እልኸኛ ልጅ ነበረች።

ሜዳው ደርቋል። ሣር የለም። ነፋሱ ብቻ አቧራውን እያነሳ «ፉ! ፉ!» ይላል።

ሎኮ አንዲት ጥጃ አለቻት፤ ስሟ ቡሬ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቡሬ በረሃብ ደክሟት ዘጭ! ብላ ወደቀች።

«ተነሽ፣ ቡሬ!» አለች ሎኮ። ቡሬ ጆሮዋን ብቻ ነቅነቅ አደረገች።

አባቷ መጥተው አዩና አዘኑ። «ልጄ፣ የወደቀች ጥጃ ካልቆመች ትሞታለች። ይቺ ደግሞ አቅም የላትም። በቃ ተያት።»

«እምቢ! አልተዋትም!» አለች ሎኮ።

ጭራዋን ይዛ ጎተተች፣ ጎተተች። ቡሬ ንቅንቅ አላለችም። ሎኮ ግን በቂጧ ዘጭ!

ሎኮ በጣም ተናደደች። በድርቁም፣ በነፋሱም፣ በሰማዩም ተናደደች።

ብድግ አለችና በሜዳው ላይ ጮኸች፤ «ጥጃ ወድቃለች! ኑ እናንሳ!»

በእነሱ አገር ይህን የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ውኃ ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው መጡ። እናቷም ከቤት ወጥተው መጡ።

አንዷ ጭራዋን፣ አንዷ ደረቷን ያዙ። አባቷም ከሆዷ ስር ደገፉ። «ሆ! ወደ ላይ!»

ቡሬ ቆመች። እግሯ ተንቀጠቀጠ። ዘጭ!

«እምቢ! አልተዋትም!» አለች ሎኮ።

«እምቢ! አንተዋትም!» አሉ ሁሉም። «ሆ! ወደ ላይ!»

ቡሬ ቆመች! አሁንስ አልወደቀችም። ግን ምን ትብላ?

እናቷ ቀና ብለው ጎጆአቸውን አዩ። ክዳኑ ሣር ነው። ጣሪያው ላይ ወጡና ሣሩን ሸረር! ሸረር! እያደረጉ ይመዙት ጀመር።

«ኧረ ጣሪያችን! ዝናብ ቢመጣስ?» አሉ አባቷ።

«እስቲ ይምጣ! ይምጣና ያበስብሰን!» አሉ እናቷ። አባቷም ሳቁ፤ እሳቸውም ወጥተው መምዘዝ ጀመሩ።

ሎኮ ሣሩን በውኃ እያራሰች አጎረሰቻት። ቡሬ ቅርጭም! ቅርጭም! አደረገችው።

ሲመሽ ሎኮና ወላጆቿ ከጣሪያው ቀዳዳ ስር ጋደም አሉ። ድርቁ ገና አልሄደም። ቡሬ ግን አጠገባቸው ሆና ታመነዥካለች።

ሎኮ በቀዳዳው በኩል ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች። «አንተ ዝናብ! እኛ እንደሆንን የትም አንሄድም። በር ከፍተንልሃል፤ ና ግባ!»

ከዚያ ቡሬን እቅፍ አድርጋ ተኛች።