አረንጓዴው ክር

በዚያች የኤፍራጥስ ዳር ከተማ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚቆመው ለሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ማምሻ ወንበሮች ይነባበራሉ፤ የሻይ ብርጭቆዎች ወደየባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ ድንኳኑም ተጠቅልሎ በጋሪ ይጫናል። በማግስቱ ያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዛ ዝምታው ጋር ብቻውን ይቀራል።

ልጃቸውን ወንዝ ወደ ወሰደባቸው ቤቶች ሐጂያ ሹክሪያ ሴቶቻቸውን አስከትለው የሚሄዱት በዚያ በአራተኛው ቀን ነበር። ሁሉም ውሃ የቀማቸው ናቸው። ሐጂያ ራሳቸው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጡ ናቸው። «ታገሱ» አይሉም፤ «የአላህ ፈቃድ ነው» አይሉም፤ ይህን ሁሉ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብሎታል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ተምር የተሞላ ብስኩታቸውን አስቀምጠው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ።

«ስሙን ንገሩን። ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ፣ ኒብራስ፣ ይህ ጥያቄ የሚሠራውን ሥራ ባየች ቁጥር ትደነቅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሬሳ ሆኖ የተለቀሰለት ልጅ በዚያች ጥያቄ እንደገና ልጅ ይሆናል፤ ዳቦ ይሰርቃል፣ እህቱን ይቆነጥጣል፣ ከጨለማ ይሸሻል። እናቲቱም በእንባዋ መሐል ሳታስበው ትስቃለች። የኒብራስ ቤትም የዳነው በዚህ መንገድ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሰጃድ ከሁለት ዓመት በፊት ሊዋኝ ወርዶ አልተመለሰም። አስተማሪዋ ኒብራስና እናቷ ከዚያ በኋላ ከሐጂያ ሴቶች ተለይተው አያውቁም።

እናቷ በየቤቱ የምትናገረው አንድ ታሪክ ነበራት። ሰጃድ ተፈልጎ ከታጣ በኋላ፣ አንድ ማለዳ፣ ከወንዙ ዳር ካለው አኻያ ዛፍ ሥር ተገኘ። ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሯል፤ ፀጉሩ ተስተካክሏል፤ ገላው ንጹሕ የራስ ሻሽ ተጠቅልሎበታል። አጠገቡ ማንም አልነበረም። በሻሹ ጥግ ደግሞ የአረንጓዴ ክር ስፌት ነበር።

«አረንጓዴ!» ትላለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የማን ቀለም እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ውሃ ላይ የሚራመደው፣ ሞት የማያውቀው ቅዱሱ ወሊ ኸድር ነው ልጄን አቅፎ ያወጣልኝ። ባዶ እጄን አልተወኝም።»

 እናቷ ያን ሻሽ አላጠበችውም፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ አስቀምጣዋለች። ቀጥ ብላ የምትቆመው በእሱ እንደሆነ ኒብራስ ታውቃለች።

እናቷ ግን ጀልባ ላይ አትወጣም። ወዲያ ማዶ ለቅሶ ሲኖር በድልድዩ ዞራ፣ ረጅሙን መንገድ በታክሲ ትሄዳለች፤ ኒብራስም መጀመሪያ ላይ አብራት ትዞር ነበር። ሌሎቹን የሚያሻግራቸው ሙሃነድ የሚባል ወጣት ጀልበኛ ነበር።

«ሐጂያ፣ ዛሬ መሐል ላይ ይቀመጡልኝ» አለ ሙሃነድ፣ ኒብራስ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየችው ቀን። «ባለፈው በግራ ተቀምጠው ጀልባዬ እስካሁን ታነክሳለች።»

«አንተ ልጅ፣ የእኔን ውፍረት የምትለካበትን ዓይን ሚስት ብትፈልግበት ኖሮ እስካሁን የልጆች አባት ነበርክ!»

ሴቶቹ ሳቁ። የሙሃነድ ዓይን ግን፣ ሳይታዘዝ፣ ኒብራስ ላይ አረፈ፤ ወዲያውም ወደ መቅዘፊያው ተመለሰ። በዚያ አጭር እይታ ውስጥ ከመውደድ የቀደመ ሌላ ነገር፣ ሐዘን የመሰለ ትውውቅ እንዳለ ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

ወቅቱ ወንዙ የጨከነበት ነበርና ብዙ ተሻገሩ። እሱ ለለቅሶ ከሚሄድ ሰው ክፍያ አይቀበልም፤ ሐዘን ቤት ግን አይገባም። አንድ ቀን ኒብራስ ከሌሎቹ ቀድማ ወጥታ ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አትገባም? ሐጂያ ብስኩት አስቀርተውልሃል።»

«እዚያ ቤት የሚቀመጡት ውሃ የወሰደባቸው ናቸው።»

«አንተስ?»

ዝም አለ። እሷም ዝምታውን አልነካችበትም። ከሐጂያ የተማረችው ትልቁ ነገር ዝም ካለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው። ውሃው የጀልባውን ጎን እየዳሰሰ ያልፋል።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አለ በመጨረሻ። «ወንዙ ወሰደው፤ ሬሳውም አልወጣም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ዳሩ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ስታይ ኖረች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ከለቅሶው በኋላ እዚያው ይጠባበቁ ጀመር። አንዳንዴ ያወራሉ፤ እሷ ስለ ተማሪዎቿ፣ እሱ አሸዋው በየክረምቱ ስለሚለዋውጠው የወንዙ ሆድ።  ፍቅር በዚህ ዓይነት ቦታ መብቀሉ ኒብራስን አሳፈራት፤ ከዚያም አስደነቃት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ የሙሃነድን ሻሽ ከራሱ ገፍፎ እሷ ጭን ላይ ጣለው። ልትመልስለት ስታጥፈው ጣቷ ጥጉ ላይ ቆመ። አረንጓዴ ክር። ያው ስፌት፣ ያው ወደ ቀኝ ያዘመመ አሰፋፍ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እናቴ። የእኔና የአባቴ እንዳይለዋወጥ። ሁሉንም ሻሾቼን እንዲያ አድርጋ—» አንገቱን ቀና አድርጎ ፊቷን ሲያይ ቃሉ ተቋረጠ።

«ሰጃድን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

መካድ ይችል ነበር፤ አልካደም። ልጆችን ወንዝ ሲወስድ በውስጡ እየጠለቀ የሚፈልጋቸው እሱ ነው፤ ወንድሙን ፍለጋ የጀመረው ሥራ አላበቃም። ሲያገኛቸው ይጠቀልላቸዋል፤ ከዛፉ ሥር ያስተኛቸዋል፤ ሰው እስኪደርስ ከሸምበቆው ጀርባ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

«ለምን ትደበቃለህ?»

«አንዲት እናት ልጇን ከእጄ ከተቀበለች፣ ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር ያ ቀን ይመለስባታል። ፊቴን ባታውቀው ይሻላታል።» ከዚያም ቀና ብሎ «ኒብራስ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ሐጂያ ታሪኳን ነግረውኛል። ኸድርን እንዳትወስጂባት» አላት።

ኒብራስ ወንድሟን ከዚያ ጥልቅ ያወጡትን እጆች ተመለከተች፤ ሻካራ ናቸው፣ ጥፍሮቻቸው ተሰባብረዋል። ቅዱስ ቦታ የገባች ይመስል መናገር ፈራች።

በመጸው ሙሃነድ አጎቱንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ የኒብራስን ቤት አንኳኳ። ሻይ ቀረበ። አጎቱ በወጉ መሠረት ብርጭቆውን ገፋ አድርገው «ጉዳያችን ሳይሞላ አንጠጣም» አሉ። አባቷ፣ ከሰጃድ ወዲህ ቃል የሚቆጥብ ሰው፣ ወደ መጋረጃው ዞረ። ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ ድምፅ ወጣ።

«ሻዩ ይቀዝቅዝ። ልጁ ጨዋ ነው ይባላል፤ አልጠላሁትም። እንጀራው ግን ወንዝ ነው። ያ ወንዝ ከቤቴ አንድ ወስዷል፤ ሌላዋን በጀልባ ጭኜ አልክለትም።»

ኒብራስ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር እናቷ መሬት ላይ ተደፍታ እግሩን ትስም ነበር። ልትጮህ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ያለችበትን ያወቀ ይመስል ወደ በሩ ተመለከተና ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አይሆንም። ከዚያም ተነሣ።

«መብትዎ ነው፣ አክስቴ» አለ ለመጋረጃው። ወጥቶ ሄደ። አራቱ ብርጭቆዎች እንደ ሞሉ ቀሩ። ኒብራስ ሰው ከምንም ነገር በላይ የሚፈልገውን በእጁ ይዞ፣ ለሌላ ሰው እንቅልፍ ሲል ሊተወው እንደሚችል ያን ቀን አየች።

ዓመቱ ዞሮ ሙቀቱ ሲመለስ ቀመር የምትባል ትንሽ ልጅ ከወዲያ ማዶ ወንዙ ውስጥ ጠፋች። የሚቀበር አልነበረምና ድንኳንም አልተተከለም። ሐጂያ ይህ ዓይነቱ ቤት አራተኛ ቀን እስኪደርስ እንደማይጠብቅ ያውቃሉ፤ ሴቶቻቸውን ይዘው ወዲያው ሄዱ። የኒብራስ እናትም በድልድዩ ዞራ ደረሰች፤ ወጣቷን እናት አቅፋ፣ እንደ ልማዷ፣ የኸድርን ታሪክ ነገረቻት።

የቀመር እናት ከእቅፏ ወጣች።

«ታዲያ የእኔን ለምን ረሳት? የእርስዎ ልጅ ከእኔ ልጅ በምን በለጠ?»

 የኒብራስ እናት ስታጽናናበት የኖረችው ታሪክ ሌላውን ሊያቆስል እንደሚችል አስባው አታውቅም ነበር። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። እዚያው ከቀመር እናት ጋር አደረች፤ ኒብራስም አብራት ቀረች።

ጎሕ ሲቀድ ኒብራስና እናቷ ለስግደት ሊታጠቡ ወደ ወንዙ ወረዱ። ጉም ውሃውን ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ፤ ውሃው እስከ ደረቱ ነው፤ በክንዶቹ ላይ ትንሽ ነገር ታቅፏል። እናቷ የኒብራስን እጅ ጨብጣ ከሸምበቆው አጠገብ ደርቃ ቀረች።

ሰውየው ልጅቷን ዳሩ ላይ ካለ አኻያ ሥር አስተኛት። ሻሹን ከራሱ ፈትቶ ጠቀለላት። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ በጣቶቹ መለሰ፤ የሻሹን ጫፍ ከአገጯ ሥር ወሸቀ፤ ፊቷን ወደ ቂብላ አዞረ። ሁሉንም የሚያደርገው የተኛች ልጅ እንዳትነቃ እንደሚጠነቀቅ አባት ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ ብዙ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ ሸምበቆው አፈገፈገ። የመጀመሪያው ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀ፤ ሙሃነድ ነበር።

እናቷ አልጮኸችም።

«ታውቂ ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«አውቅ ነበር፣ እማ።»

«ያን ቀን ሻዩ ሲቀዘቅዝ… ለምን አልተናገረም?»

«ኸድርን ሊወስድብሽ አልፈለገም።»

እናቷ ልብሷን አራግፋ የቀመርን እናት ልትጠራት ሄደች።

የቀመር ድንኳን በተጠቀለለ ማግስት ማለዳ እናቷ ሳጥኗን ከፈተች። ሻሹን አወጣች፤ በእጇ አጠበችው፤ በፀሐይ አደረቀችው። ከዚያም ኒብራስን ይዛ ወንዙ ዳር ወረደች። ሙሃነድ ሲያያቸው ደንግጦ ብድግ አለ።

«አሻግረኝ» አለችው።

«አክስቴ… ድልድዩ—»

«አሻግረኝ አልኩህ። ዛሬ አራተኛ ቀን ነው፤ የቀመር እናት ትጠብቀኛለች።»

እጁን ዘረጋላት። እናቷ የተዘረጋውን እጅ ወዲያው አልያዘችውም፤ መጀመሪያ ገልብጣ መዳፉን አየችው። ከዚያ አጥብቃ ያዘችው፤ ዓይኗን ጨፍናም ጀልባው ላይ ወጣች። መሐል ሲደርሱ ሻሹን ከእቅፏ አውጥታ አስረከበችው።

«ኸድር ነው ብዬ ነበር» አለች።

«እንዳሉት ይሁን፣ አክስቴ።»

«ዝም በል። ኸድር ነው። በማን እጅ እንደሚሠራ ነው ያልጠየቅሁት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሲጋራውን ግን ተው። ሻሹ ሦስት ዓመት ሙሉ ትምባሆ ሲሸት፣ ‹ወሊ ያጨሳል እንዴ› እያልኩ ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።»

ኒብራስ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ሙሃነድ አንገቱን ደፋ።

«ለአባቷ ነግሬዋለሁ» ቀጠለች እናቷ። «ሐሙስ ሻይ ይፈላል። አጎትህ ትኩሱን ይጠጡት፤ እንዳይቀዘቅዝ እኔው ራሴ አቀርበዋለሁ።»

 እናቷ ወደ እሱ ጠጋ አለች፤ በየቤቱ ባዕዱን ሁሉ ስትጠይቀው የኖረችውን፣ ይህን ሰው ግን ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀችው።

«ወንድምህ ስሙ ማን ነበር? ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

መቅዘፊያው ቆመ። ሰፊው ወንዝ ጀልባዋን በቀስታ ተቀብሎ ወደ ታች ያንሳፍፋት ጀመር፤ ማንም አልፈራም።

«ነዲር» አለ ሙሃነድ። ስሙን ከተናገረው ዘመን አልፎ ነበር። «ነዲር ነበር ስሙ። እርግብ ይወድ ነበር…»

ኒብራስ እጁ ላይ እጇን አኖረች። እናቷም ጫማዋን አወለቀችና፣ ሐዘን ቤት እንደምትቀመጠው፣ ልትሰማው ተመቻችታ ተቀመጠች።