ሦስት ፕሮፎርማ ለአንድ ሬሳ

አዛውንቱ የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነው። ማጅራታቸውን በከባድ ነገር አንዴ ተመትተዋል። ሰፈሩ «ሚዛን» ይላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የግንባታ ዋጋ ሲተምኑ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ግንበኛ የሰጠውን ዋጋ ይዞ ለሚመጣ ጎረቤት ሁሉ በእርሳስ እያሰመሩ «ይሄ ሥራ ነው፤ ይሄ ዘረፋ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ወዳጅ አያፈራም።

መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቃት፤ ቢያንስ አዛዡ አልቋል ብሎ ነበር። የሟቹ አንዲት ልጅ ቀሚሷ ላይ ደም ተገኝቶ ታስራለች። ምሳ ይዛ ስትገባ አባቷን ተደፍተው አግኝታ፣ አቅፋ ልታነሳቸው ሞክራለች፤ ደሙ የዚያ ነው። ጠዋት ግን ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። አዛዡ ደግሞ ከወንበሩ የማያስነሳውን መልስ ሁሉ ይወዳል።

«ሰኞ ክስ ይመሠረትባታል» አላት።

«የተመቱበት ዕቃስ?»

«ደብቃዋለች።»

«የት?»

«እሱን እሷ ትነግርሻለች።»

መርማሪዋ ሰው በመናቅ በኩል ስስት አልነበረባትም፤ ለአዛዡም ድርሻውን ሰጥታው ወደ ሟቹ ክፍል ገባች። ጠረጴዛው በሲሚንቶ አቧራ ተሸፍኗል። ከወረቀቶቹ አጠገብ ብቻ አቧራ ያልነካት አንዲት ትንሽ ክብ ቦታ አለች። እዚያ ምን ይቀመጥ እንደነበር ልጅቱን እስር ቤት ሄዳ ጠየቀቻት።

«የአባዬ ቱምቢ ነዋ» አለች ልጅቱ። «ግንብ መዝመሙን በገመድ አንጠልጥለው የሚለኩበት፣ ከባድ ናስ። ወረቀት ይጭንበት ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «እህቴ፣ ሰኞ ምን ያደርጉኛል?»

መርማሪዋ ማባበል አታውቅበትም። «እስከ ሰኞ ጊዜ አለ» አለቻት።

ግድያው በተፈጸመበት ቀን ቤቱ እየታደሰ ነበር። ሚዛን ለሦስት ባለሙያዎች አንድ አንድ ክፍል አከፋፍለዋል። ልጅቱ ስትጮህ ጎረቤት ደርሶ የግቢውን በር ዘጋ፤ ፖሊስም መጥቶ የሁሉንም ቦርሳና ኪስ፣ ቤቱንና ግቢውንም ፈተሸ። ቱምቢው አልተገኘም። ቤቱ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ታሽጓል።

ማእድ ቤቱን የያዘው «እሱ ያውቃል» ይባላል። ዋጋ ሲጠየቅ ወደ ላይ አንጋጦ «ግድግዳው ውስጥ ያለውን እሱ ያውቃል» ይልና ሩብ ይጨምርበታል። ፈጣሪን በየቀኑ ለዘረፋ ምስክር የሚጠራ ሰው መርማሪዋ አይታ አታውቅም።

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ግቢ ውስጥ ሦስታችንም እየበላን። እጅ ለመታጠብ ግን ሁላችንም በየተራ ወደ ውስጥ ገብተናል።»

«የማእድ ቤቱን ሴራሚክ ለጥፈው ጨርሰው ነበር?»

በማእድ ቤቱ በር አሻግሮ ግድግዳውን አየና ትንሽ አሰበ። «ጨርሻለሁ» አለ።

ኮሪደሩን የያዘው «ጫማ አየ» ነው። ዋጋ የሚቆርጠው ሥራውን ሳይሆን የደንበኛውን ጫማ አይቶ ነው። የመርማሪዋን ጫማ አየና ቅር አለው።

«ሚዛንን የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«እኛ አልጠላናቸውም።»

«እናንተን መች ጠየቅሁ?»

ጫማ አየ እንደገና ወደ ጫማዋ አቀረቀረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መታጠቢያ ቤቱን የያዘው ሦስተኛው «የኔ ጌታ» ይባላል፤ ሰውን ሁሉ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እመቤት» እያለ ነው የሚያናግረው። ቁልምጫው የጣመው ደንበኛ የሱንም ዋጋ ጨምሮ ይከፍላል። ስለ ሚዛን እያወራ የአዞ እንባውን አፈሰሰ። መርማሪዋ ግን እንባውን ትታ እጁን ተከታተለች። ላቡን ሊጠርግ በየደቂቃው ወደ አንገቱ ይሰደዋል፤ ባዶውን ይመልሰዋል። አንገቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከፊቱ ይልቅ ፈካ ያለ ነው።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም፣ የኔ እመቤት። ሙቀቱ ነው።»

በሚዛን መሳቢያ ውስጥ ሦስቱ በሁለት ዓመት ለሰፈሩ ሰዎች የሰጧቸው ዋጋዎች በሰንጠረዥ ተጽፈዋል። መርማሪዋ የግንበኛ ልጅ ስለሆነች ወዲያው ገባት። ሰዎቹ ተራ ይዘዋል። የአንዱ ተራ ሲሆን ሁለቱ ሆን ብለው ያስወድዳሉ፤ ደንበኛው ረከሰልኝ ብሎ ደስ እያለው ይዘረፋል። «የትምህርት ቤቱ ጣሪያ» የሚለው የመጨረሻው ገጽ ግን ከርዕሱ በታች ተቀድዷል።

አዛዡ ዘንድ ተመለሰች። «ቱምቢው ግድግዳ ውስጥ ነው። ክፍሎቹን እናፍርስ።»

«ሦስት ክፍል በየትኛው በጀት?» አለ አዛዡ። «ሦስት ፕሮፎርማ አምጪና እናያለን።»

ሊገላገላት ነበር ያላት። እሷ ግን ከሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚረባ ነገር የተናገረው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ አሰበች።

ሦስቱን በአንድ ጊዜ ጠርታ ቤቱን አዙራ አሳየቻቸው። ከዚያ እንዳይመካከሩ ለየብቻ አስቀምጣ ወረቀት ሰጠቻቸው። «ፖሊስ ግድግዳዎቹን አስፈርሶ ያስጠግናል። ዋጋችሁን በየክፍሉ ለይታችሁ ጻፉ። አንዱ ክፍል ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ሊሰጥ ይችላል።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም ማእድ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ያያል። ልጅቱ በፖሊስ ታጅባ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ቱምቢው ከቤት አልወጣም» አለች መርማሪዋ። «ቤት ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ዕቃ ቀብሮ ምልክት የማይተው ደግሞ ሴራሚክ መለጠፍ የሚያውቅ ነው። ምሳ ይዛ የገባች ልጅ ይህን አታውቅም። የት እንደተቀበረ አላወቅሁም ነበር፤ ስለዚህ ዋጋ ጠየቅሁ።»

የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች። «እሱ ያውቃል ለማእድ ቤቱ አርባ ሺህ ብሏል፤ ከነፈጣሪው። ጫማ አየ ሠላሳ ስምንት። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ዘርፈዋል፤ በሦስቱም ክፍል እኩል ስለዘረፉ ግን አልጠረጠርኳቸውም። የኔ ጌታ ለኮሪደሩና ለመታጠቢያ ቤቱ ከሁለቱም በላይ ጠይቋል። ባለሙያ ሥራ ሳይፈልግ ሲቀር እምቢ አይልም፤ ያስወድዳል። ለማእድ ቤቱ ግን አሥራ አንድ ሺህ። ሴራሚኩ ብቻ አሥራ ስድስት ሺህ ያወጣል።»

«ለመንግሥት ብዬ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«እሱን እንለፈው። ከታች ምን ብለህ ጻፍክ?» እስካሁን «እርስዎ» ስትለው ነበር። «‹ፍርስራሹን በነፃ አወጣለሁ።› ግንበኛ ቤት ነው ያደግሁት። ፍርስራሽ በነፃ የሚያወጣ ባለሙያ በሕይወቴ አላየሁም። ራስህ አፍርሰህ፣ ራስህ በጆንያ አድርገህ፣ ማንም ሳያይ ልታወጣው ፈለግህ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።»

እሱ ያውቃል ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚህ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያሉትን ሁለት ሴራሚኮች እኔ አልለጠፍኳቸውም። ለከሰዓት አቆይቻቸው ነበር።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ያልሠራሁት ሥራ ተሠርቶ ሳገኘው ለምን እናገራለሁ?»

ፖሊሱ በመሮ ሁለቱን ሴራሚኮች አነሳ። ከኋላቸው ካለው ክፍተት ቱምቢው በቢጫ ፎጣ ተጠቅልሎ ወጣ። የኔ ጌታ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ በዚህ ጊዜ ግን መመለሱን ረሳው።

«የሱ ፎጣ ነው» አለ ጫማ አየ ሳይጠየቅ። «የትምህርት ቤቱ ተራም የሱ ነበር። ሽማግሌው ዝርዝሩን ለርእሰ መምህሩ እሰጣለሁ ብለውት ነበር።»

«ለመንኳቸው እኮ» አለ የኔ ጌታ። ማንንም አላቆላመጠም። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ በእርሳስ እያሰመሩ ነበር።» እየወሰዱት በሩ ላይ ሲደርስ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ለኮሪደሩ እነሱ ስንት አሉ?»

መርማሪዋ ወረቀቶቹን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ለልጅቱ ካቴናው ተፈታላት። አዛዡ «መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ወጣ።

ልጅቱ የተሰባበረውን ግድግዳ እያየች፣ የአባቷን ቱምቢ ያገኙበትን ክፍተት በመዳፏ ዳሰሰች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። እሱ ያውቃል ከጎኗ ደርሶ ግድግዳውን አየ፤ ጫማ አየም ደርሶ ጫማዋን አየ።

«እኔ በስምንት ሺህ እጠግንልሻለሁ፣ ልጄ» አለ አንዱ።

«እኔ በሰባት» አለ ሌላው።

ልጅቱ ዓይኗን ጠረገች። «ፍርስራሹስ?»

«እሱ ለብቻው ይታሰባል» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ልጅቱ ባልዲ አምጥታ አጎንብሳ መልቀም ጀመረች። መርማሪዋም እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ለቀሙ።