የመንገድ ስም

የተራራው ጎሣዎች በንጉሥ ጆርጅ ላይ ተነሥተው ከተሸነፉበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1747 ጸደይ በግሌን ዳራክ ሸለቆ በረዶው ከተራራው ትከሻ ቀልጦ ወንዙ እስከ አፉ ሞላ፤ የሚጠጣው ከብት ግን አልነበረም፤ የንጉሥ ጆርጅ ወታደሮች ያገኙትን ሁሉ ነድተው ወስደዋልና። ከተቃጠሉት ቤቶች በአንዱ፣ ላክላን የተባለ ጎልማሳ ጣሪያውን በአዲስ ሣር ከድኖ፣ ከሚስቱ ከኤፍሪክና ከእናቱ ከወይዘሮ ማርሳሊ ጋር ይኖር ነበር። አባቱ አዛውንቱ ቴርላክ ከጎሣቸው አለቃ ጋር ዘምተው፣ የንጉሡ ልጅ መስፍኑ ዊልያም በሚያዝዘው ጦር ፊት ወድቀው ቀርተዋል፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ቤት ወንድ ልጅ ተወለደ።

በአገሩ ልማድ የበኩር ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፤ ልጁ ቢሞት ስሙ ለሚቀጥለው ወንድሙ ያልፋል። ኤፍሪክ ከዚህ በፊት ሁለት ወንዶች ወልዳ ነበር፤ ሁለቱም ቴርላክ ተባሉ፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ። ስለዚህ የዚህ የሦስተኛው ስም፣ በሌላው ቤት እንደሚደረገው የደስታ ጨዋታ አልሆነም።

«ሌላ ምን ይባላል? ቴርላክ ነው» አሉ ወይዘሮ ማርሳሊ የአጃ ገንፎውን እያማሰሉ። «ባሌ መቃብር እንኳ የላቸውም። ስማቸውም ይቅር?»

«እማዬ፣ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሰጥተናል» አለች ኤፍሪክ ከተኛችበት። «ሁለቱንም ጊዜ አፈር በላው።»

«እና ምን ልትዪ ነው?»

«የመንገድ ስም ይውጣለት።»

ልጅ አልቆም ያለበት ቤት የስሙን ምርጫ ለመንገድ ይተዋል፤ ሕፃኑ ሊጠመቅ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያገኙት ወንድ ማንም ይሁን ማን፣ የእርሱ ስም የልጁ ይሆናል። ሞት የቤቱን ስም እየጠራ ሲመጣ እንግዳ ስም ያገኝና በሩ ተሳስቶብኛል ብሎ ይመለሳል ይባል ነበር።

«መንገድ!» አሉ ወይዘሮ ማርሳሊ። «የምናገኘው ሰካራም ቢሆንስ? ያ ድስት ጠጋኝ ቢሆንስ?»

«ድስት ጠጋኙ ዘጠኝ ልጅ አለው። ዘጠኙም በእግራቸው ይሄዳሉ።»

«አንተ ደሞ አፍ የለህም?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አለኝ እማዬ፤ በሁለታችሁ መሃል መቼ ይግባና!» አለ ላክላን። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ኤፍሪክ እንዳለችው ይሁን። ሦስተኛ ሳጥን አልሠራም።»

እነዚያን ሁለት ትንንሽ የሬሳ ሳጥኖች የሠራው እርሱ ነበር፤ ተሸክመው የሄዱት ግን ወይዘሮ ማርሳሊ ናቸው። ስለዚህ ገንፎውን ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

እሑድ ጠዋት አያትየው ሕፃኑን ታቀፉ፤ ላክላንም አብሯቸው ሊሄድ ተነሣ። ለመጀመሪያው መንገደኛ የሚሰጠው የአጃ ቂጣና አይብ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ እርሱም ተቀብሎ ከሕፃኑ ጋር ጥቂት መንገድ መሄድ ይገባዋል። እናት እንደ ወጉ ቤት ትቀራለች።

«እንዳታጭበረብሩ» አለች ኤፍሪክ በሩን ተደግፋ። «እርስዎን ነው የምለው፣ እማዬ።»

«እኔን?»

ፊታቸው ግን ቀላ። ዋዜማውን ወደ አጎታቸው ልጅ ልከው፣ በማለዳ ከድልድዩ ማዶ ከዛፎቹ ሥር ቁጭ ብሎ እንዲጠብቃቸው አደራ ብለውት ነበር፤ የሰውየው ስም ቴርላክ ነበርና። መንገድን ማታለል ኃጢአት ይሁን አይሁን ቄሱን አልጠየቁም።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ግን ቀይ ካፖርት የለበሰ የንጉሡ ወታደር ጠመንጃውን ተደግፎ መሃሉ ላይ ቆሟል። ከማዶ የአጎታቸው ልጅ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጦ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ያያቸዋል።

«እንመለስ» አሉ ወይዘሮ ማርሳሊ በሹክሹክታ።

«አይቶናል። እኛም አይተነዋል፤ አለቀ» አለ ላክላን።

«ይሄ ቀይ ለባሽ? ስሙ ጆርጅ ነው የሚሆነው፤ ያለዚያም...»

ሌላውን ስም ለመጥራት አፋቸው እምቢ አለ። በዚያ ሸለቆ የመስፍኑን ስም ለውሻ እንኳ የሚያወጣ አልነበረም።

«ቁሙ! ወዴት ነው?» አለ ወታደሩ። በገዛ ቋንቋቸው ነበር የተናገረው፤ ለንጉሡ ካደሩት የሰሜን ጎሣዎች ወገን መሆኑ ከአነጋገሩ ታወቀ።

«ልጅ ልናስጠምቅ ነው፣ ጌታው።»

ወይዘሮ ማርሳሊ ጨርቁን ፈትተው ቂጣና አይቡን ዘረጉ፤ መንፈግ በሕፃኑ ላይ መዓት መጥራት ነውና። ወታደሩ ቂጣውን አየ፤ ሕፃኑንም አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የመጀመሪያው እኔ ነኝ?»

«እድላችን ነው» አሉ።

ቆረሰና ጎረሰ። «እጅዎ ይባረክ፣ እናቴ። ጨው ብቻ አንሶታል።»

«ጨዉን ጓደኞችህ ወሰዱት።»

ወታደሩ ማኘኩን አቆመ፤ ከዚያም አቀርቅሮ የጎረሰውን ዋጠ።

«ጌታው፣» አለ ላክላን ቶሎ ብሎ፣ «ስምዎ ማን ነው?»

«ስሜን ምን ያደርግልሃል? ልትከሰኝ ነው?»

«ሁለት ወንዶች ቀብረናል። ይሄኛው የመንገድ ስም ይጠብቃል።»

ልማዱ በወታደሩም አገር ነበረ፤ ማስረዳት አላስፈለገም። አሮጊቷን ተመለከተ። እንደሚገረፍ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

«ፊንላይ» አለ። «ስሜ ፊንላይ ነው።»

ወይዘሮ ማርሳሊ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊንላይ ከንጉሥም ከመስፍንም የራቀ፣ የተራራው ሕዝብ ቅድመ አያቶች ሲጠሩበት የኖረ ስም ነበር። ወታደሩ እንደ ወጉ ከሕፃኑ ጋር ጥቂት መንገድ ሄዶ፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ መርቆ ተመለሰ።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የአንድ አሥር አለቃ ጩኸት ተሰማ።

«ዊልያም! ዊልያም!»

ላክላን ዞሮ አየ። በድልድዩ አካባቢ ሌላ ወታደር አልነበረም፤ ባርኔጣውን እየደፋ ወደ አለቃው የሮጠው ያው ሰው ነው።

እስከ ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሄደ። የመንገድ ሕግ እውነት ከሆነ የልጁ ስም ዊልያም ነው፤ ሌላ ቢያወጣለት ልጁን ያለ ጋሻ ይተወዋል። ዊልያም ቢለው ደግሞ የአባቱን ገዳዮች አለቃ ስም በየቀኑ ለቁርስ ሊጠራ ነው፤ እናቱም እዚያው ይወድቃሉ።

«የሕፃኑን ስም ተናገር» አሉ ቄሱ።

ቄሱ ላክላንን ደግመው ጠየቁት።

«ፊንላይ» አለ።

ኤፍሪክ ደጅ ላይ ጠበቀቻቸው። «ማን ተባለ?»

«ፊንላይ። ከወታደር ነው ያገኘነው።»

«ከወታደር?» ሕፃኑን ነጥቃ አቀፈችው፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «እሰይ! ስንቱን ወስደው አንድ ነገር እንኳ ሰጡን በሉኛ! ፊንላይ... የኔ ፊንላይ...»

እርሷ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አገኘች። ላክላን አላገኘም። በክረምቱ ልጁ ባሳለ ቁጥር ተነሥቶ ትንፋሹን ያዳምጥ ነበር፤ ‹ዊልያም ብዬው ቢሆንስ› እያለ። ነገር ግን ክረምቱ አለፈ፤ ልጁ ጥርስ አወጣ፤ ወንድሞቹ ያልደረሱበትን ዓመት ተሻገረ፤ እየወደቀና እየተነሣ መሄድ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን ላክላንና እናቱ ለማገዶ የሚሆን የረግረግ አፈር ይቆርጡ ነበር።

«እማዬ፣ ያ ወታደር...»

«ስሙ ዊልያም ነው» አሉ ወይዘሮ ማርሳሊ ቀና ሳይሉ።

አካፋው ከእጁ ወደቀ። «ሰምተሻል?»

«ጆሮዬ የደከመው ለጎረቤት ወሬ ነው። ያንን ስም በግንብም መሃል ብሆን እሰማዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያንን ስም ሊል ነው ብዬ ጥዬህ ልወጣ ነበር። ሳትለው ስትቀር ደሞ፣ በኔ ምክንያት ልጁ ሊሞት ነው ብዬ ክረምቱን ሙሉ ሳላንቀላፋ ከረምኩ።»

«እኔም እኮ አልተኛሁም።»

«ስሰማህማ ነበር፤ ስትነሣ ስትተኛ!» ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «እኔ የአጎቴን ልጅ ዛፍ ሥር አስቀምጬ መንገዱን ላታልል ነበር። ያ ሰው ከኔ አብልጦ አታለለልኝ። ተወው እንግዲህ፤ ልጁ በእግሩ እየሄደ ነው።»

«ለኤፍሪክ እንንገራት?»

«ሞክርና በዚህ አካፋ ነው የምልህ!»

ላክላን ረግረጉ መሃል ቁጭ ብሎ እስኪደክመው ሳቀ። እናቱም ሳቁ። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ፊንላይ ሸምግሎ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ ሞተ። የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች የመስፍኑን የዊልያምን ድል፣ የተቀበለውን ሽልማት፣ የተሰቀሉትን አለቆች ስም አንድ በአንድ መዝግበዋል። በድልድይ ላይ ቆሞ አንዲት አሮጊት እንዳታለቅስ ብሎ የገዛ ስሙን የደበቀውን ሌላውን ዊልያም ግን ማንም አልመዘገበውም፤ ከወዴት እንደመጣ፣ በየትኛው ጦርነት እንደወደቀ፣ ወይም በሰላም አርጅቶ እንደሆነ አይታወቅም። በላክላን ቤት ግን ሕፃን በተወለደ ቁጥር፣ ከትውልድ እስከ ትውልድ፣ ያ ወታደር እየተነሣ ተመርቋል፤ የተመረቀውም በማይጠራበት ስም፣ ፊንላይ ተብሎ ነበር።