ለከድር የተቀመጠው መደብ

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ቃልቻ የሚባል ወሬ ሲነሳ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ቡታጅራ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፣ አክስቴ «በመግሪብ በዚያ ወንዝ ዳር አትለፍ» ስትለኝ እልህ ይዞኝ በዚያው ነበር የምመላለሰው፣ ወላሂ አንድም ቀን ያየሁት ነገር የለም። ስለዚህ ይሄን ስነግርህ «ሰብሪም ለቀቀ» ብትል አልቀየምህም፣ እኔም አንተን ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

አንድ ነገር ግን ቀድመህ እወቅልኝ፣ እኔ ተጸያፊ ነኝ፣ ሲበዛ። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ አልነካም፣ ሥጋ ቤት በር ላይ ሳልፍ ትንፋሼን ውጬ ነው፣ የጉራጌ ልጅ ሆኜ ክትፎ ሲቀርብ ፊቴን ስለማዞር እናቴ «ይሄ ልጅ ሆስፒታል ተቀይሮብኝ ነው» እያለች ትስቅብኛለች። ዛሬ ደግሞ ብሶብኛል፣ ለምን እንደባሰብኝ ነው የምነግርህ።

ጊዜው በኢሕአዴግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ኔት ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ሲኖርም እንደ ታማሚ እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አወል የሚባል ጓደኛችን ኢንተርኔት ቤት ነበረው፣ ፎቶ ኮፒም ይሠራል፣ እኛ ግን እዚያ የምንጎለተው ለጨዋታ ነው። በኔት የሚጫወቱት የድሮ ዓለም ጨዋታ፣ ጎራዴ፣ አስማተኛ፣ ዘንዶ ያለበት፣ ታውቀው ይሆናል። ኩዌስት የሚሉት ለብቻህ የምትላክበት ነው፣ «ሂድና የሸረሪት ሆድ ዕቃ ለቅመህ አምጣ» ትባላለህ (እመነኝ፣ በስክሪን እንኳ ስለቅመው ምራቄ ይመረኝ ነበር)፣ ሬይድ የሚሉት ደግሞ ተሰብስበህ አንድ ትልቅ አውሬ ላይ የምትዘምትበት ነው። እኛ አራት ነበርን፣ እኔ፣ አወል፣ ቢኒ የሚባል ቀልደኛ፣ እና ከድር። ከድር ጋሻ ያዥ ነው፣ ፊት ቆሞ ዱላውን የሚቀበልልን እሱ ነው፣ እውነተኛው ከድርም እንደዚያው ነበር፣ ጠብ ሲነሳ ከፊት የሚገኝ።

ታዲያ አውሬው ሲገደል የሚገኘው ንብረት አለ፣ ጥሩር፣ ጎራዴ፣ ቆዳ፣ የታረደ ሥጋ ሳይቀር፣ በጨዋታው ሕግ ኮምፒዩተሩ ራሱ ዕጣ ይጥልበታል፣ እኛ ግን ኮምፒዩተር ምን ቆርጦት ያካፍለናል ብለን በቅርጫ ነበር የምንከፋፈለው። አዎ፣ ልክ ለበዓል በሬ ተጥሎ እንደሚደረገው፣ ንብረቱን በእኩል መደብ በመደብ እንደለድላለን፣ ከዚያ እያንዳንዱ ምልክቱን ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል፣ የእኔ የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ የቢኒ የክብሪት እንጨት፣ የአወል ቁልፍ፣ የከድር የድሮ ሲም ካርዱ፣ ከዚያ የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ደንበኛ እንዲያወጣ እንጠይቃለን። በኔት አብረውን የሚጫወቱት ቱርኮችና ብራዚሎች እኛን ሲጠብቁ «እነዚህ ምን ነካቸው» ሳይሉ አይቀሩም።

ከድር በደላላ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ሲወጣ «ዕጣዬን እንዳትዘሉኝ» አለን። ቅርጫ ላይ ደግሞ መንገድ ላይ ያለ ሰው መደብ አይዘለልም፣ ቤተሰቡ ይረከብለታል፣ በጨዋታው ዓለም ቤተሰቡ እኛ ነን። ስለዚህ በዘመትን ቁጥር ሲም ካርዱ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ የደረሰውን መደብ ጨዋታው ውስጥ በሠራነው ግንባችን፣ አንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥለታለሁ፣ ሣጥኑን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ እያልን ስናስቀምጥ፣ ስናስቀምጥ፣ የከድር ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ ወሬው መጣ፣ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ ታፍነው የቀሩ የኛ አገር ልጆች አሉ ተባለ። ስም የለም፣ ሬሳ የለም፣ ወሬ ብቻ።

የከድር እናት እማ ራህመት ይባላሉ፣ ያለ ከድር ማንም የላቸውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄዱባቸው፣ «ራህመት፣ ሬሳው ባይኖርም ሰላተል ጋይብ ይሰገድበትና ለቅሶ ተቀመጪ፣ ነፍሱን አታንከራትቺ» አሏቸው፣ እሳቸው «ሬሳውን ሳላይ፣ ስሙን ሳልሰማ በቁሙ አልቀብረውም» ብለው እምቢ አሉ፣ ብዙ ከተባለ በኋላ እስከ አረፋ ማግስት ጊዜ ተሰጣቸው። በዚያው ሰሞን እማ ራህመት መንገድ ላይ ያዙኝ፣ እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ።

«ሰብርዬ፣ አንተ በዚያ ማሽን ታገኘው አልነበር? ጠይቅልኝ። አለሁ ይበል፣ ወይ የለሁም ይበል፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ኧረ እማ ራህመት፣ እሱ ጨዋታ ነው…»

«ይሁን ጨዋታ። ጠይቅልኝ።»

ምን ትላለህ? እሺ አልኩ። በየቀኑ ስሙን አያለሁ፣ ስሙ ግራጫ ነው፣ ግራጫ ማለት አልገባም ማለት ነው።

የአረፋ ዋዜማ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ የረግረጉን ዘንዶ ልንገጥም አወል ቤት ገባን። ጋሻ ያዥ ስለሌለን አንድ ቱርክ ተዋስን፣ ዘንዶውን እንደምንም ጣልነው። ቱርኩን አስከትለን ግንባችን ተመልሰን ንብረቱን ደለደልን፣ ምልክቱ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፣ መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የመጣች አንዲት ሴትዮ «እሜትዬ፣ እስቲ አንድ አውጪልን» አልናት፣ እየሳቀች እጇን ከታ ሲም ካርዱን አወጣች። ወዲያው እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «ምንድን ነው ያረጠባችሁት?» አለችን፣ ፊቷን አጨማዳ። እኛ ያረጠብነው ነገር የለም፣ ቆርቆሮው ደረቅ ነው፣ ሌሎቹም ምልክቶች ደረቅ ናቸው። ኮፒዋን ይዛ ሄደች።

ዞር ብዬ ስክሪኑን ሳይ የከድር ስም አረንጓዴ ሆኗል።

ወንድሜ፣ እንዴት እንደጮህን አልነግርህም! ቢኒ ወንበሩን ገልብጦ አቀፈኝ፣ አወል «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ እኔ የታየኝ የእማ ራህመት ፊት ብቻ ነው፣ ሮጬ ልነግራቸው እግሬ ተነሥቶ ነበር። ቢኒ «መጀመሪያ ጠይቀው እንጂ!» አለኝና ተቀመጥኩ። በላቲን ፊደል፣ እንደ ወትሮአችን፣ «ከድሮ የት ነህ? እናትህ ሊሞቱ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መልስ የለም። የከድር ጋሻ ያዥ ግንቡ ውስጥ ቆሟል፣ ሣጥኑ ጋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፣ ምናልባት በድምፅ ያወራ ይሆናል ብዬ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ኳ፣ ኳ የሚል ነገር ነው፣ ቆርቆሮ በመዳፍ ሲመታ። የአወልን ጣሪያ መሰለኝ፣ ቀና ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። ከዚያ ትንፋሽ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው፣ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ሲያስወጣ፣ አጭር አጭር፣ አፍ ተከፍቶ የሚተነፈስ፣ ማዳመጫው ጆሮዬን ያሞቀኝ ጀመር።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ አሁን ስነግርህ እንኳ መስኮት ከፍቼ ነው። መጀመሪያ ናፍጣ፣ ከዚያ ላብ፣ የብዙ ሰው ላብ አንድ ላይ የታመቀ፣ ከዚያ ሽንት፣ ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሌላ ጣፈጥ የሚል ነገር፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ረጋ ስብ የሚለጠፍ፣ ብትውጠውም ብትተፋውም የማይለቅ። ቢኒን «ሸተተህ?» አልኩት። እሱ አፍንጫውን በሹራቡ ሸፍኖ አንገቱን ነቀነቀ።

ከድር ሣጥኑን መምታት ጀመረ። በጨዋታው ሣጥን አይመታም፣ እንዲህ የሚባል እንቅስቃሴ የለም፣ ያን ያህል ዘመን ስንጫወት አንድም ቀን አላየሁም፣ እሱ ግን ጋሻውን ጥሎ በመዳፉ ይመታዋል፣ ድምፁ ያው ኳ፣ ኳ ነው። ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ።

«በሩን ክፈቱልን።»

ክፈቱልኝ አይደለም ያለው፣ ክፈቱልን ነው። አኡዙ ቢላሂ አልኩ፣ እኔ ሰብሪ! ሣጥኑን ልከፍትለት ማውሱን ገፋሁ፣ የኔ ሰውዬ አይንቀሳቀስም። ደግሜ ገፋሁ፣ ደርቋል። የቢኒም ደርቋል፣ የአወልም፣ ቱርኩም ጎራዴውን እንዳነሣ ቀርቷል።

«አወል፣ ምን ሆነ ይሄ?»

አወል ጥጉ ላይ ያለችውን የኔት ሣጥን አየና በጣቱ አሳየን። መብራቷ ጠፍቷል። «መስመሩ ተቋርጧል» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ «ሴትዮዋ ሳትወጣ ነው የተቋረጠው፣ ልነግራችሁ ስል እናንተ ትጮኻላችሁ።»

እንግዲህ አስብ፣ ኔት የለም፣ ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ክር የለም፣ ሁሉም ሰው ስክሪኑ ላይ ደርቋል፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሌላ ጽሑፍ መጣ።

«ሸተተን።»

አወል ከዚያ በላይ አልጠበቀም፣ «ቢስሚላህ!» ብሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። ስክሪኑ ጠፋ፣ ቤቱ ጭጭ አለ። ማዳመጫውን ሳወልቅ ስፖንጁ ጨቅይቷል፣ ጠብ እያለ ነው፣ ቢጫ ውሃ። እኔ ጆሮዬ ላይ አላልበኝም፣ ወላሂ፣ የማን ላብ እንደሆነ አላውቅም፣ በአንገቴ ወርዶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ። በር ላይ ወጥቼ ያለኝን ሁሉ አስመለስኩ። ሸሚዙን በዚያው ምሽት አቃጠልኩት፣ በሳሙና፣ በሎሚ፣ በበረኪና ታጠብኩ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ።

ቢኒ ዛሬም ክርክሩን አልተወም፣ «ደላሎቹ ስልኩን ወስደው ፓስወርዱን አግኝተው ነው፣ ሌባ ነው የገባው» ይለኛል። እሺ፣ ሌባ ነው እንበል፣ ሌባ እንዴት ይሸታል? ሲባል ወሬ ይቀይራል። አወል ያን ኮምፒዩተር ወዲያው ነው የተገላገለው፣ ለማን እንደሰጠው አይናገርም።

ቆይ፣ ዋናው ነገር ይሄ አይደለም። በነጋታው አረፋ ነው፣ የሰፈሩ በሬ ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ተዘርግቷል፣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እማ ራህመት ቤት ገባሁ። አወልና ቢኒ እንዳትናገር ብለውኝ ነበር፣ ግን እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፣ የሚጠብቃቸውም ነገ የሚጀመር ለቅሶ ነው፣ እንዴት ዝም እላለሁ? ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንድ ሳላስቀር። እንዲያለቅሱ ጠብቄ ነበር፣ አላለቀሱም።

«ሸተተን አለ?» አሉኝ።

«አዎ እማ ራህመት።»

«በራሱ እጅ ጻፈው?»

«እንደሱ ነው የሚጻፈው… አዎ።»

«እንግዲያው አለ» አሉ፣ ቀስ ብለው ተነሥተው። «የሞተ ሰው አይሸተውም።»

እሳቸው ሄደው የቤቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱት፣ ደፉ ላይ ድንጋይ አስደገፉበት። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ሲመጡ ከበር መለሷቸው፣ ያልሞተ ሰው ላይ አይሰገድም ብለው። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩ ተዘግቶ አያውቅም፣ ክረምት ዝናብ ይገባል፣ ጎረቤት «ጅብ ይበላሻል» ይላቸዋል፣ ማን ሰምቶ። አብደዋል የሚላቸው አለ፣ እኔ አብደዋል አልልም፣ የነገርኳቸው እኔ ነኛ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሆነብኝ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ደፍ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ፣ ፊታቸው ወዝቷል፣ እንዲህ ደልቷቸው አይቻቸው አላውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም እማ ራህመት።»

«ወአለይኩም ሰላም ሰብርዬ፣ እንዴት ጠፋህ! ና ግባ፣ ሰላም በለው፣ ይጠይቅሃል።»

ከኋላቸው ቤቱ ጨለማ ነው፣ የታየኝ ነገር የለም። ግን ናፍጣው ወጣ፣ ቀጥሎ ላቡ፣ ቀጥሎ ያ ጣፈጥ የሚለው ነገር፣ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። አንዲት ጎረቤት እያየችን ልብስ ታሰጣለች፣ ምንም የሸተታት አትመስልም። እማ ራህመት ግን ፊቴን አይተው ሳቁ፣ ደስ ብሏቸው፣ ልጇን የዳረች እናት እንደምትስቀው።

«ሸተተህ አይደል?» አሉኝ። «እኔማ ለምጄዋለሁ። ሁሉም ናቸው የመጡት፣ ብቻውን አይደለም፣ ቤቱ ጠቦናል።»

እጄን አፌ ላይ አድርጌ «እመለሳለሁ እማ ራህመት፣ አንድ ጉዳይ አለብኝ» አልኩና ጥጉን ታጥፌ ግድግዳ ተደግፌ አስመለስኩ። እመለሳለሁ አልኳቸው እንግዲህ፣ እሳቸውም «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አሉኝ።